ፕሬዚዳንት የማይመረጥበት ምርጫ ስለ ፓርቲ ዕድል ምን ይነግረናል?

ከአሜሪካ የምርጫ ወሬ በመጣ ቁጥር በመመገቢያ አዳራሻችንና በመኝታ ቤታችን የሚነሣው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን የተሸነፈውን ፓርቲ ገንዞ ይቀብረዋል፤ ሳይመሽም ተዝካሩን ያወጣለታል። ሁለተኛው ወገን ያሸነፈውን ፓርቲ ቀብቶ ለልጅ ልጅ ያነግሠዋል። ሁለት ዓመት አልፎ የተቀበረው ተነሥቶ ሲሄድ፥ የነገሠውም ከዙፋኑ ሲወርድ በዓይናችን ብናይም፥ ያለፈውን ክርክር ረስተን አዲስ ቀብርና አዲስ ንግሥ እንጀምራለን።

ይህ ስሕተት የሚብሰው ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት ስለሚደረገው ምርጫ ስንነጋገር ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም እንዲህ ያለው ምርጫ ስለሚቀጥለው የፕሬዚዳንት ምርጫ የሚነግረን ጥቂት ሲሆን፥ ለፓርቲው የሩቅ ዕድል የሚሠራው ግን ብዙ ነው የሚል ነው። መናገርና መሥራት የተለያዩ ናቸው። የዚህ ምርጫ ውጤት መጥፎ ነቢይ ነው፤ ጥሩ ገበሬ ግን ሊሆን ይችላል።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ጓደኛ ቢኖር መልስ አለኝ። አንደኛ፥ ታሪክና የፖለቲካ ሳይንስ የምንማር ሰዎች ወሬን ከማስረጃ መለየት ካቃተን የትምህርታችን ጥቅም ምን እንደ ሆነ አይገባኝም። ሁለተኛ፥ በዚያ አገር ዜግነት አግኝተው ድምፅ የሚሰጡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ በ2021 በቨርጂንያ የሆነውን ወደ ኋላ እንመለከተዋለን። ሦስተኛ፥ ጥቂት ሰው የሚመጣበት ምርጫ ለማንኛውም የተማሪ ማኅበር እንግዳ ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ ሥርዓቱን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በየአራት ዓመቱ ነው። ከኮንግሬሱ ሁለት ምክር ቤቶች አንደኛው የእንደራሴዎች ምክር ቤት ሲሆን 435 አባላት አሉት፤ ሁሉም በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ። ሁለተኛው ሴኔቱ 100 አባላት አሉት፤ የአንድ ሴናተር ዘመን ስድስት ዓመት ስለ ሆነ፥ በየሁለት ዓመቱ ሲሶው ያህል ለምርጫ ይቀርባል። እንግዲህ በፕሬዚዳንቱ ዘመን እኩሌታ ላይ እሳቸው ሳይመረጡ ኮንግሬሱ ብቻ የሚመረጥበት ጊዜ አለ ማለት ነው፤ ይህ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ይባላል። ከዚህም ሌላ በጎዶሎ ቁጥር ዓመት የሚደረጉ ምርጫዎች አሉ። ከነዚህ በጣም የታወቁት የቨርጂንያና የኒው ጀርሲ የአገረ ገዥ ምርጫዎች ናቸው፤ የሚደረጉትም የፕሬዚዳንቱ ምርጫ በተፈጸመ በዓመቱ ነው። እንደራሴ ወይም ሴናተር ሲሞት ወይም ሥራውን ሲለቅ ወንበሩን ለመሙላት የሚደረገው የማሟያ ምርጫም ከዚሁ ወገን ይቆጠራል።

አሁን ወደ ውጤቱ እንምጣ። ከ1934 እስከ 2022 ድረስ 23 የአጋማሽ ዘመን ምርጫዎች ተደርገዋል። ከነዚህ ውስጥ በ20ው የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ በእንደራሴዎች ምክር ቤት ወንበር አጥቷል። ወንበር የጨመረው በ1934፥ በ1998ና በ2002 ብቻ ነው። ስለዚህ «የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ በአጋማሽ ዘመን ተሸነፈ» የሚል ወሬ «በሐምሌ ዝናብ ዘነበ» እንደ ማለት ነው። የሚያስገርመው ባይዘንብ ነበር።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የመራጩ ብዛት ነው። ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት ዓመት የሚወጣው ሕዝብና በአጋማሹ የሚወጣው ሕዝብ አንድ አይደለም። በ2012 የመምረጥ መብት ካላቸው 100 ሰዎች 58 ያህሉ ድምፅ ሰጡ። በ2014 ግን የወጡት 37 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወዲህ ዝቅተኛው ነው። በ2018 ብዙ ሰው ወጣ ተብሎ የተደነቀው ከ100 ሰው 50 ያህል ስለ መረጠ ነው፤ በ2020 ግን 66 ያህል መረጠ። በመካከል የሚቀረው ደግሞ ከየወገኑ እኩል የተቀነሰ አይደለም። በአብዛኛው የሚቀሩት ወጣቶች፥ ድሆችና ቤታቸውን ቶሎ ቶሎ የሚቀይሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ውጤቱ ሲለወጥ ሕዝቡ ሐሳቡን ለውጧል ብለን ወዲያው መፍረድ አንችልም፤ ሐሳቡ ሳይለወጥ የመጣው ሰው ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ቁጣ ነው። የጠገበ ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ የተከፋ ሰው ግን ዝናብም ቢሆን ይወጣል። መንግሥት የያዘው ፓርቲ ደጋፊዎች ድል አድርገናል ብለው ሲዘናጉ፥ የተሸነፉት ሁለት ዓመት ሙሉ ቂማቸውን ሲያላምጡ ይቆያሉ።

ሦስተኛው ምክንያት አንድ ፕሬዚዳንት በታላቅ ድምፅ ሲመረጡ በጥላቸው ተጠግተው የሚገቡ እንደራሴዎች መኖራቸው ነው። እነዚህ በተፈጥሮው የሌላው ፓርቲ ከሆነ ወረዳ የተመረጡ ናቸው። በሁለት ዓመቱ ፕሬዚዳንቱ በምርጫው ወረቀት ላይ ስለማይገኙ ጥላው ይነሣል፤ ወንበሩም ወደ ቀድሞ ባለቤቱ ይመለሳል። ይህ ውድቀት ሳይሆን ወደ ቦታ መመለስ ነው።

ከዚህ በኋላ ውጤቱን እንደ ትንቢት የቆጠሩት ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው እንይ። ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የፕሬዚዳንት ትሩማን ነው። በ1946 አሜሪካኖች በሥራ ማቆም አድማ፥ በዋጋ መወደድና በሥጋ እጥረት ተማርረው ነበር። ሪፐብሊካኖች በእንደራሴዎች ምክር ቤት 55 ወንበር ጨምረው ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ። የፕሬዚዳንቱ የራሳቸው ፓርቲ ሰው የሆኑት ሴናተር ፉልብራይት (በስማቸው የሚጠራውን የትምህርት ዕድል ብዙዎቻችን እናውቀዋለን) ፕሬዚዳንቱ አንድ ሪፐብሊካን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርገው ሾመው ሥልጣናቸውን ይልቀቁ የሚል ሐሳብ እስከ ማቅረብ ደረሱ። በዚያን ጊዜ ምክትል ፕሬዚዳንት ስላልነበረ ሥልጣኑን የሚረከበው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነበር። እንግዲህ ሰውዬው በሕይወት ሳሉ ርስታቸው ሊከፋፈል ቀርቦ ነበር ማለት ነው። በ1948 ግን ትሩማን አሸነፉ፤ ፓርቲያቸውም በእንደራሴዎች ምክር ቤት 75 ወንበር ጨምሮ ሁለቱንም ምክር ቤቶች መልሶ ያዘ። ውጤቱን ከሁለት ዓመት በፊት ያወቀ የመሰለው አንድ የቺካጎ ጋዜጣ ተፎካካሪያቸው ደዊ ድል አደረጉ ብሎ በትልልቅ ፊደል አትሞ ነበርና፥ ትሩማን ያን ጋዜጣ ይዘው ሲስቁ የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል።

ምን ተፈጠረ? ሕዝቡ በ1946 የተናገረው «ኑሮ ከበደን» ነበር። አሸናፊው ፓርቲ ግን የሰማው «የሩዝቬልትን ሥራ አፍርሱልን» የሚል ይመስላል። በ1947 የሠራተኛ ማኅበሮችን ሥልጣን የሚቀንሰውን የታፍት ሃርትሌ ሕግ የፕሬዚዳንቱን ተቃውሞ አልፎ አወጣ። ትሩማንም በ1948 ዋና ተቃዋሚያቸው ደዊ ሳይሆኑ «ምንም የማይሠራው ኮንግሬስ» እንዲሆን አደረጉ። ስለዚህ የአጋማሹ ድል ለአሸናፊው ወጥመድ ሆነበት። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ይኸው ታሪክ ደጋግሞ ታይቷል። በ1982 የፕሬዚዳንት ሬጋን ፓርቲ 26 ወንበር አጣ፤ በ1984 ግን ሬጋን ከ50 ግዛቶች 49ኙን አሸነፉ። በ1994 ሪፐብሊካኖች 54 ወንበር ጨምረው ከ40 ዓመት በኋላ የእንደራሴዎችን ምክር ቤት ያዙ። በበጀት ክርክር ምክንያት ከ1995 መጨረሻ እስከ 1996 መጀመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁለት ጊዜ ተዘጉ፤ በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን እንደገና ተመረጡ። በ2010 የፕሬዚዳንት ኦባማ ፓርቲ 63 ወንበር ቢያጣም በ2012 ኦባማ አሸነፉ።

የተቃራኒው ምሳሌም እንዳለ መሸሸግ አይገባም። በ1964 ሪፐብሊካኑ ጎልድዋተር ስድስት ግዛቶችን ብቻ አግኝተው ሲሸነፉ ፓርቲያቸው ሞተ ተብሎ ነበር። በ1966 ግን 47 ወንበር ጨመረ፤ በ1968 ደግሞ ኒክሰን ፕሬዚዳንት ሆኑ። የ2006ና የ2018 የዲሞክራቶች ድልም በ2008ና በ2020 በፕሬዚዳንትነት ድል ተከትሏል። እንግዲህ ትንቢቱ አንድ ጊዜ ይደርሳል፥ አንድ ጊዜ አይደርስም። እንዲህ ያለውን ነቢይ ደግሞ ምክር የሚጠይቀው የለም።

ታዲያ ይህ ምርጫ ከንቱ ነውን? አይደለም። በአገራችን በልግ በሚዘንብባቸው ቦታዎች ያለ ገበሬ ሁለት ነገር ያውቃል። የበልጉ ዝናብ ማማሩ የክረምቱን ማማር አያረጋግጥለትም። ነገር ግን እንደ ማሽላና እንደ በቆሎ ያለው ብዙ ወር የሚፈጅ እህል በበልግ ተዘርቶ በመኸር የሚታጨድ ነውና፥ በልጉን የዘነጋ ሰው በመኸር ባዶ ጎተራ ይጠብቀዋል። የፓርቲም ነገር እንዲሁ ነው። በአጋማሹ የሚዘሩትን ሦስት ነገሮች እንመልከት።

አንደኛው ሰው ነው። በ1946 ወደ እንደራሴዎች ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከገቡት መካከል ከማሳቹሴትስ ጆን ኬኔዲ፥ ከካሊፎርንያ ሪቻርድ ኒክሰን ይገኙበታል። ከ14 ዓመት በኋላ በ1960 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በ1966 ሬጋን የካሊፎርንያ አገረ ገዥ ሆነው የመጀመሪያ ሥልጣናቸውን ያዙ፤ በዚያው ቀን ጆርጅ ቡሽ አባትየው ከቴክሳስ እንደራሴ ሆነው ተመረጡ። ሁለቱም በየተራቸው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በዚያ ሌሊት ወንበር ይቆጥር የነበረ ጋዜጠኛ ዋናውን ነገር ሊያየው አይችልም ነበር፤ ዋናው ነገር የወንበሩ ብዛት ሳይሆን የተቀመጠበት ሰው ነበርና።

ሁለተኛው ሕግ ነው። በ1958 በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመን ዲሞክራቶች ከሪፐብሊካኖች እጅ 13 የሴኔት ወንበር ወሰዱ። የሴናተር ዘመን ስድስት ዓመት ስለ ሆነ፥ በ1958 የተመረጡት በ1964 ገና በወንበራቸው ላይ ነበሩ። በዚያ ዓመት የጥቁሮችን እኩልነት የሚያስከብረው የሲቪል መብት ሕግ በደቡብ ሴናተሮች የማያልቅ ንግግር ታግቶ ነበር። ንግግሩን ለማስቆም 67 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በሰኔ 1964 ድምፅ ሲሰጥ 71 ለ29 ሆነ፤ በዚህ ሕግ ብዙ ሪፐብሊካኖችም ደግፈዋል። ከ71ዱ ድምፅ ጥቂቱ ከስድስት ዓመት በፊት ብዙ ሰው ቤቱ በተቀመጠበት ምርጫ የተገኘ ነው። በ1958 «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይሠራል» ያለ ሰው ለምን ሕግ ሳይመርጥ እንደ ቀረ አያውቅም ነበር።

ሦስተኛው ወሰን ነው። በአሜሪካ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል፤ ከቆጠራው በኋላ የምርጫ ወረዳዎች ወሰን እንደገና ይሠመራል። በብዙ ግዛቶች መስመሩን የሚያሠምረው የግዛቱ ምክር ቤት ነው። የ2010 ምርጫ የተደረገው ቆጠራው በተካሄደበት ዓመት ነው። ሪፐብሊካኖች በዚያ ዓመት በየግዛቱ ምክር ቤቶች በድምሩ ከ600 በላይ ወንበር ጨመሩ፤ በብዙ ቦታም እርሳሱ በእጃቸው ገባ። በ2012 ኦባማ ሲያሸንፉ ለእንደራሴዎች ምክር ቤት በመላው አገር ዲሞክራቶች ያገኙት ድምፅ በሪፐብሊካኖች ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብልጫ ነበረው። ወንበሩ ግን 234 ለ201 ሆኖ ለሪፐብሊካኖች ቀረ። ለዚህ የዲሞክራት መራጮች በከተማ መታጨቅም አንድ ምክንያት ነው፤ የመስመሩ አሠማመር ግን ድርሻው ትንሽ አይደለም። እንግዲህ በ2010 የተሸነፈው ፓርቲ የፕሬዚዳንትነቱን ዕድል አልተነጠቀም፤ የተነጠቀው ብዙ ሰው ስሙን እንኳ የማያውቀውን የግዛት ምክር ቤት ነው፤ ዕዳውንም ለዓመታት ከፈለ።

ከነዚህ ሦስቱ ጋር ትምህርትም ሊጨመር ይገባል። በ1991 በፔንሲልቬንያ ለሴኔት በተደረገ የማሟያ ምርጫ ብዙም ያልታወቁት ዲሞክራቱ ዎፈርድ ታዋቂውን ሪፐብሊካን ቶርንበርግን አሸነፉ። ዋና ነገራቸው የሕክምና ዋስትና ለሁሉም ይዳረስ የሚል ነበር። ክሊንተንም በ1992 ይህን ጉዳይ አንሥተው ተመረጡ። ይሁን እንጂ የሕክምናው ሕግ በ1994 በኮንግሬስ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት ዎፈርድ ራሳቸው ተሸነፉ። አንድ ምርጫ ለፓርቲ ጥያቄውን ሊያሳየው ይችላል፤ መልሱን ግን ሠርቶ ማቅረብ የፓርቲው ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ቨርጂንያ እንሂድ። ከ1977 እስከ 2025 በዚያች ግዛት 13 የአገረ ገዥ ምርጫዎች ተደርገዋል። በ12ቱ ያሸነፈው ዋይት ሀውስ ውስጥ ካሉት ፕሬዚዳንት ፓርቲ ተቃራኒ ነው፤ ከሕጉ የወጣው የ2013 ብቻ ነው። ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዱ የቨርጂንያ ሰሜናዊ ክፍል ስለ ሆነ የ2021 ምርጫ እኛንም ነክቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የባይደን መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በኢትዮጵያ ላይ የያዘውን አቋም የተቃወሙ ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች ለዲሞክራቱ ማኮሊፍ ይሰጡ የነበረውን ድምፅ ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን እንስጥ ብለው ቀሰቀሱ። ያንግኪን ሲያሸንፉም «እኛ ነን የጣልናቸው» የሚል ወሬ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ።

ይህን በማስረጃ እንመዝነው። ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ልዩነቱም 64 ሺህ ያህል ነው። በዚያው ቀን የቨርጂንያን ያህል የኢትዮጵያ ተወላጅ ቅስቀሳ ባልተሰማበት በኒው ጀርሲ ዲሞክራቱ መርፊ ያሸነፉት በጣም በጠበበ ልዩነት ነው። ንፋሱ በሁለቱም ግዛቶች ወደ አንድ ወገን ነፍሶ ከሆነ፥ የንፋሱን ምንጭ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ መፈለግ አይቻልም። ስለዚህ ትንቢቱንም ባለቤትነቱንም እንተወው። የማይካደው ነገር ግን ያ ማኅበረሰብ በዚያ ዓመት በአንድ ግዛት ምርጫ ተደራጅቶ ድምፁን መቁጠርና ማስቆጠር መጀመሩ ነው። ዘሩ ይህ ነው። ከ2021 በኋላ በ2022 ሪፐብሊካኖች ታላቅ ማዕበል ይመጣል ብለው ጠብቀው ያገኙት ዘጠኝ ተጨማሪ የእንደራሴ ወንበር ብቻ ነበር፤ በሴኔትም አንድ ወንበር አጡ። በ2024 ግን ፕሬዚዳንትነቱን ወሰዱ። በኅዳር 2025 ደግሞ በቨርጂንያ ስፓንበርገር፥ በኒው ጀርሲ ሼሪል፥ ሁለቱም ዲሞክራቶች፥ በሰፊ ልዩነት አሸንፈው አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። ይህንንም እንደ ሐምሌ ዝናብ መመልከት ይገባናል፤ ነገር ግን በዚያ ዝናብ ማን ምን ዘራ ብሎ መጠየቅ አይከለከልም።

ስለዚህ ወደ ፊት እንዲህ ያለ ወሬ ስንሰማ ከመፍረዳችን በፊት አራት ጥያቄ እንጠይቅ። ስንት ሰው መረጠ? ማንስ ቀረ? የተለመደውን ያህል ነው የተሸነፈው ወይስ ከዚያ በላይ? የተያዘው ወንበር ምን ያደርጋል፥ ሕግ ያወጣል፥ ወሰን ያሠምራል፥ ወይስ ስም ብቻ ነው? አሸናፊውስ ሕዝቡ የነገረውን ሰማ ወይስ ራሱ ሊሰማ የፈለገውን? የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ በምርጫው ሌሊት አይገኝም፤ ሁለት ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ለእኛም ቅርብ ነው። በአንድ ፋኩልቲ የማሟያ ምርጫ ሲደረግ ብዙዎቻችን ወንበሩ ትንሽ ነው፥ ዋናው ምርጫ ሲደርስ እንመጣለን ብለን እንቀራለን። በዚያች ትንሽ ወንበር የተቀመጠው ሰው ግን የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ሲሻሻል እጁን ያነሣል፤ በዓመቱም ለትልቁ ወንበር ይወዳደራል። ያሸነፈውም ጓደኛችን መላው ተማሪ ከእኔ ጋር ነው ብሎ ከመናገሩ በፊት የመጣውን ቆጥሮ ካልመጣው ጋር ቢያስተያየው ይበጀዋል። የተሸነፈውም ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ከመሄድ ይልቅ ያልመጡት እነማን እንደ ነበሩና ለምን እንዳልመጡ በየመኝታ ቤቱ እየዞረ ቢጠይቅ፥ ለሚቀጥለው ዓመት ከዚህ የተሻለ ሥራ ያገኛል ብዬ አላምንም።